የሚሠራውን ማን ነካው? በራሱ የሚጫን ድራይቨርና የቤት ኮምፒውተር

የዊንዶውስ ኮምፒውተር ያለው ሰው ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍቶ የኪቦርዱን ወይም የሃርድ ዲስኩን ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን ከስርዓቱ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ቢመረምር፣ በቀኑ ቦታ ላይ ጁን 21 ቀን 2006 የሚል ማየቱ አይቀርም። ላፕቶፑ ዘንድሮ የተገዛ፣ ዊንዶውሱም 11 ቢሆን ቀኑ ያው ነው። የኢንቴልን የቺፕሴት ፋይሎች ያየማ ይብስ ይገረማል፤ አንዳንዶቹ ጁላይ 18 ቀን 1968 ይላሉ። በዚያን ጊዜ እንኳን ዊንዶውስ፣ የግል ኮምፒውተር የሚባል ነገርም አልነበረም። ቀኑ ኢንቴል ራሱ የተቋቋመበት ነው።

ቀኖቹ በስሕተት የገቡ አይደሉም። ዊንዶውስ ለአንድ ዕቃ እኩል የሚስማሙ ሁለት ድራይቨሮች ሲያገኝ አዲስ ቀን ያለውን ይመርጣል። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ጋር የሚያቀርባቸው አጠቃላይ ድራይቨሮች፣ የዕቃው አምራች ለይቶ የሠራውን ገፍተው ቦታውን እንዳይዙ ቀናቸውን 2006 ላይ አቆመው። ኢንቴልም የቺፕሴት ፋይሉ ከሌላ ድራይቨር ጋር ተወዳድሮ እንዳያሸንፍ ሲል ማንም የማይወርድበት ቀን ሰጠው። የሚሠራ ድራይቨር በሌላ እንዳይተካ ኩባንያዎቹ ራሳቸው የገዛ ሥርዓታቸውን በቀን ይሸውዱታል ማለት ነው።

የዚህ ዳሰሳ ነጥብም ከዚያ ይነሣል። “ድራይቨር በራሱ ይጫን ወይስ አይጫን?” የሚለው የተለመደ ክርክር ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው ድራይቨር ለሌለው ዕቃ ድራይቨር ማግኘት ነው። ሁለተኛው እየሠራ ያለን ድራይቨር በሌላ መተካት ነው። የመጀመሪያው ሲሳካ ያተረፈውን፣ ሁለተኛው ሲበላሽ ያከሰረውን ለይቶ ያየ ሰው፣ ቤቱ ላለው ኮምፒውተር የሚሆነውን መንገድ ለማግኘት አይቸገርም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰክቶ መጠቀም እንዴት መጣ

ከ1995 በፊት የድምፅ ካርድ የገዛ ሰው የኮምፒውተሩን ሣጥን ፈትቶ፣ በካርዱ ላይ ያሉትን ጥቃቅን መሰኪያዎች ከቦታ ቦታ እያዛወረ፣ ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን የመስመር ቁጥር ራሱ መምረጥ ነበረበት። ሁለት ካርዶች አንድ ቁጥር ከያዙ አንዱ ወይም ሁለቱም ዝም ይላሉ። ኦገስት 24 ቀን 1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 “ፕለግ ኤንድ ፕሌይ” የተባለውን አሠራር ይዞ መጣ፤ ዕቃው ማንነቱን ይናገራል፣ ዊንዶውስ ቁጥሩን ያድላል፣ ድራይቨሩንም ይፈልጋል። ተስፋው ግን ወዲያው አልሞላም። ኤፕሪል 20 ቀን 1998 ቺካጎ ላይ በተደረገ የኮምፒውተር ትርዒት፣ ቢል ጌትስ በተገኘበት መድረክ የሥራ ባልደረባው ክሪስ ካፖሴላ ስካነር ሲሰካ ዊንዶውስ 98 በሕዝብ ፊት ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ወደቀ። ጌትስ ምርቱን ገና ገበያ ላይ ያላዋልነው ለዚህ ነው ብሎ በሳቅ አለፈው።

ሥርዓቱ የሚሠራበት መንገድ ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ማንኛውም ዕቃ ሁለት ቁጥሮች ይዞ ይመጣል፤ አንዱ የአምራቹ፣ ሌላው የምርቱ ነው። ዊንዶውስ እነዚህን ቁጥሮች ይዞ በዲስኩ ውስጥ ወዳለው የድራይቨር ማከማቻ ይሄዳል። እዚያ ካጣ ዊንዶውስ አፕዴት የተባለውን የማይክሮሶፍት ሰርቨር ይጠይቃል። ከአንድ በላይ እጩ ሲገኝ ደረጃ ያወጣል፤ ዲጂታል ፊርማው የታመነ መሆኑ፣ ከዕቃው ቁጥር ጋር ምን ያህል በትክክል እንደሚገጥም፣ ከዚያም ቀኑ፣ በመጨረሻም የእትሙ ቁጥር ይታያል። የሰው አስተያየት በዚህ ሰልፍ ውስጥ የለበትም።

ተጠቃሚው በዚህ ሥራ ላይ ያለው ሥልጣን ግን ከእትም እትም ሲሰፋና ሲጠብ ኖሯል። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ “ሮል ባክ ድራይቨር” የተባለውን ቁልፍ አመጣ፤ አዲሱ ካስቸገረ ወደ ቀድሞው መመለስ ተቻለ። የ2009ኙ ዊንዶውስ 7 ሁሌም ከኢንተርኔት ይምጣ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲጠፋ ብቻ ይምጣ፣ ወይም በጭራሽ አይምጣ የሚሉ ምርጫዎችን ለተጠቃሚው አቀረበ። በጁላይ 2015 ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ይህ ሁሉ ጠበበ፤ የሆም እትም ባለቤት የድራይቨር አፕዴት ሳይጠየቅ የሚወርድለት ሆነ። በ2020 ደግሞ ማይክሮሶፍት መለስ አለ፤ ብዙዎቹ ድራይቨሮች “ኦፕሽናል አፕዴትስ” ወደሚል ገጽ ተዛውረው ተጠቃሚው ምልክት ካላደረገባቸው የማይጫኑ ሆኑ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የታየው ይህ መወዛወዝ የሚያሳየው ማይክሮሶፍትም ቢሆን የጸና አቋም እንዳልነበረው ነው።

ይታደስ የሚሉት ወገኖች

በራሱ ይታደስ የሚሉት ወገኖች ክርክር ከቁጥር ይነሣል። ድራይቨር በብዛት የሚሠራው የስርዓተ ክወናው እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ ነው፤ እዚያ ሆኖ ከተሳሳተ የሚወድቀው አንድ ፕሮግራም ሳይሆን ኮምፒውተሩ በሙሉ ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2001 የሊኑክስን ኮድ መርምረው በድራይቨሮች ውስጥ ያለው የስሕተት መጠን ከቀረው የከርነሉ ክፍል ከሦስት እስከ ሰባት እጥፍ እንደሚበልጥ አገኙ። በ2003 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ባቀረቡት ጥናት፣ በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ከተመዘገቡት ውድቀቶች 85 በመቶው ከድራይቨር የመጣ መሆኑን ጠቀሱ። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ገበያ ላይ ሲውል ከተመዘገቡት ብልሽቶች ከ28 በመቶ በላይ የሚሆኑት በኤንቪዲያ ድራይቨሮች የመጡ እንደነበሩ፣ በኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ይፋ የሆኑ የማይክሮሶፍት ሰነዶች አሳይተዋል።

ደህንነቱም አለ። በ2021 በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ወጡ። በሜይ ወር የዋይፋይ አሠራርን የሚነኩ ፍራግአታክስ የተባሉ ክፍተቶች ተገለጡ፤ ማስተካከያው ለብዙ ኮምፒውተሮች የመጣው በዋይፋይ ድራይቨር በኩል ነው። በዓመቱ አጋማሽ ደግሞ ፕሪንትናይትሜር የተባለው ክፍተት ሲጋለጥ፣ የፕሪንተር ድራይቨር መጫን አጥቂን የኮምፒውተሩ ጌታ ሊያደርገው እንደሚችል ታወቀ፤ በኦገስት ማይክሮሶፍት የፕሪንተር ድራይቨር ለመጫን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ግዴታ እንዲሆን አደረገ። ከዚህም ሌላ የታወቁ ኩባንያዎች በትክክል የፈረሙባቸው ግን ቀዳዳ ያለባቸው አሮጌ ድራይቨሮች አሉ። ሰርጎ ገቦች እነዚህን ራሳቸው ይዘው ይመጡና ከጫኗቸው በኋላ በቀዳዳው ወደ ከርነሉ ይገባሉ። በዚህም ምክንያት ከዊንዶውስ 11 የ2022 እትም ወዲህ አደገኛ ተብለው የተመዘገቡ ድራይቨሮች እንዳይነሡ የሚያግደው ዝርዝር ከመጀመሪያው በርቶ ይመጣል።

ይህ ክርክር ጠንካራ ነው፤ ግን ሁለት ስለት አለው። ድራይቨር ከኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ ደካማው ከሆነ፣ ያለ ባለቤቱ ዕውቀት መቀያየሩም ከሁሉ የበለጠ አደገኛ ነው።

አይነካ የሚሉት ወገኖች

የተቃዋሚዎቹ ማስረጃ ከአጋጣሚዎች የተሰበሰበ ነው። አራቱን ማየት ይበቃል፤ እያንዳንዱ የሚያሳየው የተለየ ነገር ስለሆነ።

ኤፍቲዲአይ የተባለው የስኮትላንድ ኩባንያ ዩኤስቢን ከአሮጌው የሲሪያል መስመር ጋር የሚያገናኝ ታዋቂ ቺፕ ይሠራል። ቺፑ በተማሪዎች የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶችና በብዙ የመለኪያ መሣሪያዎች ውስጥ ስላለ አስመሳዩም በዝቶ ነበር። በኦክቶበር 2014 በዊንዶውስ አፕዴት በኩል የወጣ አዲስ ድራይቨር አስመሳይ ቺፕ ሲያገኝ የምርት ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለወጥ ጀመረ። ቁጥሩ የተጻፈው ዕቃው ላይ ስለሆነ ዕቃው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካም የሚያውቀው ጠፋ። ገዢው አስመሳይ መሆኑን ሳያውቅ የገዛው፣ ትናንት የሠራለት ዕቃ በአንድ ሌሊት ሞተ። ተቃውሞው ሲበረታ ድራይቨሩ ተነሣ። የመተካት ሥራ ምን ያህል ሥልጣን በአምራቹ እጅ እንደሚያስገባ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ሁለተኛው ዊንዶውስ 10 በወጣበት ሰሞን የሆነው ነው። ዊንዶውስ አፕዴት አንድ የኤንቪዲያ ድራይቨር ይጭናል፤ የኤንቪዲያ የራሱ ፕሮግራም ሌላ ይጭናል። ሁለቱ ሲጋጩ በተለይ ከአንድ በላይ ስክሪን የሚጠቀሙ ሰዎች ማሳያቸው ተዛባ። ማይክሮሶፍት ያን ጊዜ ያቀረበው መላ የማይፈለግን አፕዴት የሚደብቅ ትንሽ መሣሪያ ነበር። ችግሩ አንዱ ድራይቨር ከሌላው መባሱ አልነበረም፤ ለአንድ ዕቃ ሁለት ሹማምንት መኖራቸው ነው።

ሦስተኛው ከመጀመሪያው ጭነት ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ ድራይቨር ለሌለው ዕቃ ድራይቨር የማግኘቱን ሥራ ይነካል። በኦገስት 2021 አንድ የደህንነት ተመራማሪ እንዳጋለጠው፣ የሬዘር ማውስ ሲሰካ ዊንዶውስ ድራይቨሩን ብቻ ሳይሆን የኩባንያውን የማስተካከያ ፕሮግራም ጫኚም አውርዶ በከፍተኛው የስርዓቱ ሥልጣን ያስነሣዋል። ጫኚው ፕሮግራሙ የት ይቀመጥ ብሎ በሚከፍተው መስኮት በኩል ማንም ተራ ተጠቃሚ የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያገኛል። በቀናት ውስጥ በሌላ አምራች ዕቃም ላይ ተመሳሳይ ነገር ተገኘ። ጥፋቱ ከድራይቨሩ ሳይሆን ተከትሎት ከመጣው ነው።

አራተኛው በ2023 መጨረሻ ላይ የታየው ነው። የኤችፒ ፕሪንተር ኖሯቸው የማያውቁ ሰዎች ኮምፒውተራቸው ላይ የኤችፒ አፕ ተጭኖ፣ የሌላ ኩባንያ ፕሪንተራቸውም የኤችፒ ሌዘርጄት ስም ተሰጥቶት አገኙ። ምክንያቱ ስለ ዕቃዎቹ ስምና ምልክት የሚናገረው፣ ከማይክሮሶፍት ሰርቨር የሚወርደው መረጃ መዛባቱ ነው። ማይክሮሶፍት በዲሴምበር የማስተካከያ መሣሪያ ለቀቀ። ፕሪንተሮቹ በአብዛኛው ማተማቸውን አላቆሙም፤ ግን ባለቤቱ ያልጠየቀው ለውጥ ከሩቅ ሊመጣ እንደሚችል ታየ።

አራቱ ሲደመሩ አንድ ፍርድ ይሰጣሉ። ድራይቨር ለሌለው ዕቃ ድራይቨር በራሱ መምጣቱ ያደረሰው ጉዳት ጥቂት ነው፤ ያም ቢሆን ከጭነቱ ጋር ከታዘለው ትርፍ ፕሮግራም የመጣ ነው። ከባዱ ጉዳት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች በሚባለው መንገድ የሚሠራን ከመተካት ይመጣል።

ሌሎቹ የሄዱባቸው መንገዶች

ሊኑክስ ነገሩን በሌላ በኩል ፈትቶታል። አብዛኞቹ ድራይቨሮች ከከርነሉ ጋር አብረው ይጻፋሉ፣ አብረው ይታደሳሉ። ዕቃ ሲሰካ አስፈላጊው ክፍል ከዲስክ ይነሣል እንጂ ከኢንተርኔት የሚፈለግ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የለም። መተካት የሚመጣው ከርነሉ ሲቀየር ነው። እንደ ኡቡንቱ ያሉት ስርጭቶች ደግሞ የቀድሞውን ከርነል በመነሻው ማውጫ ላይ ስለሚያቆዩት፣ አዲሱ ካስቸገረ በአሮጌው ተነሥቶ ሥራን መቀጠል ይቻላል። ይህ መመለሻ ለብዙ የቤት ተጠቃሚ ትልቅ ዋስትና ነው። የሊኑክስ ሕመም ኮዳቸውን የማያካፍሉ አምራቾች ናቸው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2012 ፊንላንድ ውስጥ በአደባባይ ኤንቪዲያን የሰደበው በዚሁ የተነሣ ነው፤ ኩባንያው የከርነል ክፍሎቹን ኮድ መክፈት የጀመረው ከአሥር ዓመት በኋላ በ2022 ነው።

አፕል ኮምፒውተሩንም ስርዓቱንም ራሱ ስለሚሠራ ጭንቀቱ ያንሳል። ያም ሆኖ በ2019 ከማክኦኤስ ካታሊና ጋር ድራይቨርኪት የተባለ አሠራር አምጥቶ፣ የሌሎች ኩባንያዎች ድራይቨሮች ከከርነሉ ወጥተው እንደ ተራ ፕሮግራም እንዲሠሩ ማድረግ ጀመረ። እንዲህ ያለ ድራይቨር ሲወድቅ ኮምፒውተሩን ይዞ አይወድቅም።

ሦስተኛው መንገድ ድራይቨርን ጨርሶ ማስቀረት ነው። ይህም በግልጽ የታየው በፕሪንተር ነው። አፕል በ2010 ኤርፕሪንትን ሲያወጣ ስልክ ያለ ምንም ድራይቨር ማተም ቻለ፤ ፕሪንተሩና ስልኩ በአንድ የጋራ ቋንቋ ይነጋገራሉ። ማይክሮሶፍትም በሴፕቴምበር 2023 የአምራቾችን የፕሪንተር ድራይቨር በዊንዶውስ አፕዴት ማከፋፈልን በሂደት እንደሚያቆምና ዊንዶውስ ለሁሉም የሚሆነውን አንድ የጋራ ድራይቨር እንደሚያስቀድም አስታወቀ። ለአዳዲስ ፕሪንተሮች ይህ መልካም ዜና ነው፤ የጋራውን ቋንቋ የማያውቅ የቆየ ፕሪንተር ያለው ሰው ግን የድራይቨሩን ቅጂ ከወዲሁ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

ለቤት ኮምፒውተር የሚሆነው

ወደ ተግባር ሲመጣ ብዙ ምክር ሰጪዎች አንድ መቀያየሪያ ይጠቁማሉ፤ ያብሩት ወይም ያጥፉት ይላሉ። የሚሻለው ዕቃዎቹን መለየት ነው።

ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ፍላሽ፣ ዌብካም፣ የጆሮ ማዳመጫ የመሳሰሉት ለዊንዶውስ ይተዉ። እነዚህ በጋራ ድራይቨር የሚሠሩ ናቸው። ማውሱ ተጨማሪ ፕሮግራም ልጫን ብሎ ቢጠይቅ እምቢ ማለት መደበኛ ሥራውን አያጎድልበትም። የአምራች አፕና የዕቃ ምልክት በራሱ እንዳይወርድ ለማድረግም በፍለጋው ቦታ “ዲቫይስ ኢንስታሌሽን ሴቲንግስ” ብሎ የሚወጣውን ጥያቄ “ኖ” ማለት ነው። ይህ ምርጫ ግን የድራይቨር መተካትን ሙሉ በሙሉ ያቆማል ብሎ መተማመን አይገባም።

የግራፊክስ ካርድ በእጅ ይያዝ። ጌም የሚጫወት ወይም ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ድራይቨሩን ከካርዱ አምራች ይውሰድ፤ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ የላፕቶፑ ሠሪ ለዚያ ሞዴል ያዘጋጀውን ያስቀድም። ሁለት ሹማምንት እንዳይኖሩበት የዊንዶውሱን መንገድ ለዚያ ዕቃ መዝጋት ያስፈልጋል። የፕሮ እትም ያለው በግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ ካለው የዊንዶውስ አፕዴት ክፍል ድራይቨርን ከአፕዴት ጋር አታካትት የሚለውን ደንብ ያበራል፤ ወይም የዚያን ዕቃ ቁጥር ብቻ ለይቶ ያግዳል። የሁለተኛው ችግር እገዳው ካልተነሣ ባለቤቱ በእጁ ሊጭን ሲሞክርም መከልከሉ ነው። የሆም እትም ግሩፕ ፖሊሲ ስለሌለው ያንኑ ደንብ በሬጅስትሪ መጻፍ ይጠይቃል፤ ይህም ቅጂ ሳይያዝ የሚሞከር አይደለም።

የኔትወርክ ካርዱ ከሌሎቹ ይለያል፤ እሱ ከጠፋ ሌላውን ሁሉ ማውረጃ መንገድ ይጠፋል። ስለዚህ ዊንዶውስ እንደገና ከመጫኑ በፊት የዋይፋዩ ድራይቨር ፍላሽ ላይ ይቀመጥ፤ የዊንዶውስ 11 ሆም ጭነት ኢንተርኔት ካላገኘ እልፍ አልልም ስለሚል ነገሩ ቅንጦት አይደለም። ሳይዘጋጁ ለደረሰባቸውም መላ አለ፤ የአንድሮይድ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ የስልኩን ኢንተርኔት ማጋራት። ዊንዶውስ ለዚህ ግንኙነት የሚሆነውን ድራይቨር አብዛኛውን ጊዜ ይዞት ስለሚመጣ ዋይፋዩ ባይሠራም ኢንተርኔት ይገኛል።

ኢንተርኔቱ ከስልክ ጥቅል ለሚመጣ ሰው፣ እንደ ብዙው የኢትዮጵያ ላፕቶፕ ተጠቃሚ፣ ሌላም ሒሳብ አለበት። አንድ የግራፊክስ ድራይቨር ብቻውን ከ600 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል። በሆትስፖቱ ግንኙነት ላይ “ሚተርድ ኮኔክሽን” የሚለውን ማብራት ዊንዶውስ አብዛኛውን ማውረድ እንዲያዘገይ ያደርገዋል፤ በእንዲህ ያለ ግንኙነትም ድራይቨር ይውረድ የሚለው ምርጫ እንደጠፋ ይቆይ። ጉዳቱ የደህንነት አፕዴትም አብሮ መዘግየቱ ስለሆነ፣ ነፃ ዋይፋይ ሲገኝ አፕዴቱን በእጅ ማስጀመር ያስፈልጋል።

ከዱባይም ሆነ ከአሜሪካ አገልግሎ የመጣ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያደርገው ቅጂ መያዝ ነው። አምራቾች ለቆዩ ሞዴሎች አዲስ ድራይቨር መሥራት ያቆማሉ፤ አሁን በማሽኑ ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ፒኤንፒዩቲል የተባለው የትእዛዝ መሣሪያ ከውጭ የተጫኑትን ድራይቨሮች በሙሉ ወደ አንድ ፎልደር ያወጣል። ማሽኑ ተጠርጎ እንደገና ሲጫን ፎልደሩን ለዲቫይስ ማኔጀር ማሳየት ይበቃል። ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጠቅታ እናድሳለን ከሚሉ ፕሮግራሞች ግን መራቅ ነው፤ ብዙዎቹ ለማሽኑ ያልተሠራ ድራይቨር ወይም ያልተጠየቀ ፕሮግራም ይዘው ይመጣሉ።

ነገር ከተበላሸ በኋላ የሚደረገው በቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ ሮል ባክ፤ ቁልፉ የደበዘዘ ከሆነ የቀድሞው ቅጂ የለም ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ከፎልደሩ መጫን። ስክሪኑ ካልታየ በሴፍ ሞድ መነሣት። ሲስተም ሪስቶር ደግሞ አስቀድሞ በርቶ ከሆነ ብቻ ያድናል፤ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ጠፍቶ ስለሚመጣ ዛሬውኑ ማየት አይከፋም።

ለማን ይፈረድ

ለሁለቱም ወገኖች በየድርሻቸው ይፈረዳል። አዲስ ዕቃ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ድራይቨሩን ፈልጎ ያምጣ፤ መሰኪያ እያዛወርን ወደ ነበርንበት ዘመን የሚመልሰን ምክንያት የለም። የሚሠራን ድራይቨር ለመተካት ግን ምክንያት ይጠየቅ። በቂ የሚሆኑት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ የታወቀ የደህንነት ክፍተት፣ በራሱ በባለቤቱ ማሽን ላይ የታየ ችግር፣ ወይም የሚፈለግ ፕሮግራም አዲሱን መጠየቁ። “አዲስ ወጥቷል” የሚለው ብቻውን ከእነዚህ አይቆጠርም። ማይክሮሶፍት በ2020 ብዙዎቹን ድራይቨሮች ወደ ምርጫ ገጽ ማዛወሩ ወደዚሁ ሐሳብ የቀረበ እርምጃ ነው፤ የጎደለው ገጹ ድራይቨሩ ለምን እንደሚተካ አለመናገሩ ነው። አምራቹ ስምና የእትም ቁጥር ብቻ ይሰጣል፤ የተዘጋ ቀዳዳ ይኑርበት ወይም አርማው ብቻ ይቀየር ለማወቅ አይቻልም። ያ እስኪሻሻል ድረስ በዚያ ገጽ ላይ ካሉት ሣጥኖች ምልክት የሚደረግበት ችግር የታየበት ዕቃ ወይም የደህንነት ማስጠንቀቂያ የወጣበት ድራይቨር ብቻ ይሁን፤ የቀሩት ባሉበት ይቆዩ።